ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ

ሰኞ 3

ብዕሩን የያዘችው የልጅ ልጄ ናት። ቃሉ ግን የኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምለውም አፍሬ አይደለም። በዚህ ሰፈር ከሚከፈቱና ከሚዘጉ በሮች ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አናጢው ማንበብ አይችልም ብሎ አልከፈትም ያለ በር እስካሁን አላየሁም። ጻፊው እንጂ አትሳቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ሕግ ተምራ ጨርሳ የነጋዴዎችን ውል የሚያዘጋጅ ቢሮ ገብታለች። ሦስት ወር ይፈትኗታል፤ ሁለቱ አልቋል። ዛሬ አመሻሽ ላይ ስትመጣ ፊቷ ጥቁር ብሏል። አለቃዋ፣ ጠበቃዋ ሴትዮ፣ የጻፈችውን ውል ቀይ በቀይ አድርጋ መልሳላታለች።

"እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት።

"ርክክቡ በተገቢው ሁኔታ፣ በተቻለ ፍጥነት ይከናወናል።"

"ማን ነው የሚያከናውነው?"

"ይታወቃል እኮ አባባ።"

"ለማን ነው የሚታወቀው? በር ራሱን ተሸክሞ ሄዶ ራሱን ይሰቅላል እንዴ? ደግሞስ በተቻለ ፍጥነት ማለት መቼ ነው? እኔ 'በተቻለ ፍጥነት' የምለው ልሠራለት ለማልፈልገው ደንበኛ ነው።"

እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ግን ሳቀች። አለቃዋም ከቀዩ አጠገብ የጻፈችው ይህንኑ ነው አለችኝ፤ ማን? መቼ? ባይሆንስ? ብላ።

እንግዲያው በየቀኑ ቁጭ በይና እኔ የምልሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ አልኳት። ሰው የተናገረውን መጻፍ ያልቻለ ሰው ያልተናገረውን እንዴት ይጽፋል? ለኔም ይጠቅመኛል። በዚህ ወር የእንጨት ሥራ ቤቴን ለሰው አስረክባለሁ። የተባለው ነገር ሁሉ በአንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ረቡዕ 5

ሥራ ቤቱን የሚገዛኝ ሰው ትልቅ የዕቃ መደብር አለው፤ ፊት ለፊቱ መስታወት ብቻ የሆነ። ባለሱቁ እንበለው። ማሽኖቹን፣ እንጨቱን፣ ቤቱን፣ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ጭምር ይወስዳል። እኔ የምሸጠው እጄ ደክሞ አይደለም። ሰው እንዲህ ቢል ውሸት ነው። ትናንት ብርጭቆው የወደቀው ትኩስ ስለነበረ ነው።

ውሉን እንድታዘጋጅ አለቃዋ ለራሷ ለልጅቱ ሰጠቻት። "የአያትሽ ነገር ነውና አትቸኩይም" አለቻት አሉ።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለው መሥሪያ ጠረጴዛ የኔ ሆኖ ይቀመጥ፤ በፈለግኩ ቀን እየመጣሁ ልቀመጥበት፣ እጄን ላፍታታበት። የሠራሁት ሃያ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምታርፈው እሱ ላይ ነው። ባለሱቁ "በደስታ ጋሼ፣ ምን ችግር አለ?" አለ። ልጅቱም አንቀጽ አምስት ብላ ጻፈችው።

ሌላው ነገር ጭምት ነው። ጭምት ሠራተኛዬ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ስም አለው፤ ግን ስለማይናገር ሁሉም ጭምት ይለዋል። ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም። መጋዝ ነው የወሰደው፤ በራሱ ጥንቃቄ ማነስ። ዛሬ ሰጋቱራ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣

"ጋሼ፣ እኔስ?" አለኝ።

"አንተማ ቃሌን ታውቃለህ" አልኩት።

መጥረጉን ቀጠለ። ቃሌ ይሄ ነው፦ ጭምት በእግሩ መቆም እስከቻለ ድረስ ከዚያ ቤት ማንም አያስወጣውም። ለባለሱቁም ነግሬዋለሁ። "ግድ የለም" ብሎ ጨብጦኛል።

"ይህንንስ ውሉ ላይ ላስገባው አባባ?" አለች።

"የኔ ቃል ወረቀት አይፈልግም።"

"የባለሱቁስ?"

"ጻፊ እንጂ አትከራከሪኝ።"

ዓርብ 7

ልጅቱ ለአውቶቡስ እየቸኮለች ነው። አጭር ይሁን። ጭምት ዛሬ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ማሽኖቹን በሙሉ ቀባ፣ ወለወለ። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ዕቃ ምን ያስወለውላል? ምንም አላልኩትም። ደክሞኛል።

እሑድ 9

ዛሬ ቢሮ ስለማትገባ በሰፊው እንጻፍ።

ረቂቁን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ወንበሬን ግድግዳ አስደግፌ አዳመጥኩ። እስከ አንቀጽ ሰባት ደህና ሄድን። ሻጩ ቁልፉን በዚህ ቀን ያስረክባል፤ ገዢው ማሽኖቹን አስነሥቶ ይፈትሻል፤ ካልሠሩ በስንት ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ልክ እንደ እንጨት መጋጠሚያ ነው፤ ወንዱ ሴቱን ያገኛል። "ጎሽ" አልኳት። ከዚያ አንቀጽ ስምንት መጣ።

"ሻጩ የሞተሩን፣ የጎማዎቹንና የፍሬኑን ደኅንነት ያረጋግጣል።"

"የምኑን?"

ጆሮዋ ቀላ።

"ልጄ፣ የኔ ሥራ ቤት ጎማ አውጥቷል? እንግዲያው ምን አስቸገረን፣ ነድተን አንሰጠውም?"

ለካ ቢሮው ካለ የጭነት መኪና ሽያጭ ውል ላይ እየገለበጠች ነው የምትሠራው። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው አባባ፤ ከባዶ አይጀመርም" አለች። አልተቆጣሁም። እኔም ወጣት ሳለሁ የአንዱን ቤት መስኮት ልኬት ይዤ ለሌላው ቤት ሠርቻለሁ። ግን መስኮት ቀዳዳው ላይ እምቢ ሲል ዐይን ያየዋል። ወረቀት እምቢ አይልም፤ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጎማውን ነቅላ ጣለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠች።

"ይሄ ልዩ ልዩ የሚባለው ነው። የተለመደው ነው፤ ሁሉም ውል ላይ አለ።"

ጀርባዬን አሞኝ ነበር። "እንግዲያው ዝለይው" አልኳት።

ሐሙስ 13

ቢሮዋ ሄድኩ። የመታወቂያዬን ቅጂ ይፈልጋሉ ተብሎ ነው። ሦስተኛ ፎቅ። ዘበኛው "አባት፣ አሳንሰር አለ እኮ" አለኝ፤ "እግርም አለ" አልኩት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ስል ከላይ አለቃዋና ጸሐፊዋ ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተባለ አልናገርም። ምንም አልሰማሁም ብለሽ ጻፊ።

ምን ታይኛለሽ? ጻፊ።

ዝም ስልም ብዕሩ ይንቀሳቀሳል። ዝም ስል ምንድን ነው የምትጽፊው?

ቅዳሜ 15

ረቂቁን እንደገና አንብቢ አልኳት፤ አነበበች። እንደገና አልኳት። "አባባ ምን ሆነሃል? ሦስተኛችን እኮ ነው" አለች። ልዩ ልዩው ጋ ስትደርስ ግን ሁለታችንም ደክሞን እንደገና ዘለልነው። ማክሰኞ እንፈራረማለን።

ማክሰኞ 18

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልናገር፤ እንዳትቸኩይ።

ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ባለሱቁ፣ አለቃዋ፣ ጸሐፊዋና ልጅቱ። ባለሱቁ ሽቶውን ተቀብቶ፣ ሰዓቱን እያየ። ጸሐፊዋ አውራ ጣቴን ቀለም አስነከረችኝ። "የት ላይ ልጫን?" አልኩ።

አለቃዋ እጇን አነሣች። "ቆይ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበባል። የዚህ ቢሮ ሕግ ነው።"

"እሷ ቤት አንብባልኛለች" አልኩ።

"እዚህ ደግሞ ታነብልዎታለች።"

ልጅቱ አነበበች። እኔ ቀለም የነካውን ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ እንደ ሞኝ ተቀምጫለሁ። ልዩ ልዩ ጋ ደረሰች። ቤት የተዘለለው እሱ ነው።

"ይህ ውል የግራ ቀኙን ሙሉ ስምምነት የያዘ ነው። ከዚህ ቀደም በቃልም ሆነ በሌላ መንገድ የተደረገ ማንኛውም ስምምነት ወይም የተሰጠ ተስፋ ውጤት አይኖረውም።"

"ድገሚው" አልኩ።

ደገመችው። ስትደግመው እሷም ገባት።

"በቃል የተባለው ሁሉ ቀረ ማለት ነው?"

"እንደዚያ ማለት ነው" አለች አለቃዋ። "በቃል የተባለ ነገር አለ?"

ባለሱቁን አየሁት። "ስለ ጭምት የጨበጥከኝስ?"

"ኧረ ጋሼ፣ እሱን በኋላ እናየዋለን። አሁን ፊርማውን እንጨርስ።"

"ግድ የለም አላልከኝም?"

"ብያለሁ። ሰው ብዙ ነገር ይላል። እኔ እኮ ወጣት ሠራተኞች አሉኝ፤ እጃቸው ሙሉ የሆነ።"

እጃቸው ሙሉ የሆነ አለ። ብድግ አልኩ። ወንበሩ ወደቀ። የበሩን እጀታ ስይዝ አሻራዬ ነጩ ቀለም ላይ ቀረ፤ በዚያ ቢሮ ያተምኩት እሱን ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ "ጥፋቱ የኔ ነው አባባ" አለች። "ስለ ጭምት ነግረኸኝ ነበር። በእጄ ጽፌዋለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ። ያንን አንቀጽ ደግሞ በዚሁ እጄ ገለበጥኩት። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።"

የሷ ብቻ አይደለም። ዝለይው ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም የማያየውን የመሳቢያ ጀርባ አልልግም ያለኝን ሠራተኛ ያባረርኩ ሰው፣ ዝለይው አልኩ።

ረቡዕ 19

ባለሱቁ አልደወለም። ቀለሙ ከጣቴ አልለቀቀም፤ በቤንዚን ፈተግኩት። ሥራ ቤት ሄጄ ነበር። ጭምት "እንዴት ሆነ?" አላለም። ውኃ ቀዳልኝ። ጨመረልኝ እንጂ አልፈሰሰብኝም። እሺ፣ ፈሰሰብኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጻፊው፣ እንዲያውም ቀድመሽ ሳትጽፊው አትቀሪም።

ሐሙስ 20

አለቃዋ አስጠራችኝ። አሳንሰሩን ተጠቀምኩ።

"አባቴ፣ ለሰውየው የገቡትን ቃል ይንገሩኝ" አለች።

"እንዳላስወጣው ነው።"

"ማን እንዳያስወጣው? ከየት? እስከ መቼ? ቢያስወጣውስ? ባለሱቁ ነገ ቤቱን ለሌላ ቢሸጠውስ?"

እኔ ልጅቱን የጠየቅኳትን እኔኑ ትጠይቀኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት ቃሌ፣ ቃሌ እያልኩ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቃሌ ምን እንደሆነ አልለካሁትም። ጭምትስ እስከ ዛሬ ምን ብሎ ሲሰማኝ ኖረ?

"ይህን ያህል የሚያሳስብዎት ምክንያት አለ?" አለች ደግሞ።

"አለ።"

ጠበቀች። ተነሣሁ።

ስወጣ ለልጅቱ ነገርኳት፤ ያን ቀን ደረጃው ላይ የሰማሁት ይህ ነው። አለቃዋ "ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ትገለብጣለች እንጂ አታስብም። ይህኛውን ካበላሸች አላቆያትም" ነበር ያለችው። የደበቅኩት እንዳይከፋት ብዬ ነው። እሷ ግን ቀና ብላ "ልክ ናት" አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ምንም ወረቀት ሳትገለብጥ፣ እኔን እየጠየቀች፣ ከባዶ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀደደችው። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

"ጭምት በእግሩ ቆሞ መሥራት እስከቻለ ድረስ ገዢው በዚህ ቤት ያሠራዋል። ገዢው ሊያስወጣው አይችልም። ገዢው ቤቱን ለሌላ ቢሸጥ አዲሱ ገዢም ይህን ቃል ይጠብቃል። ይህ ቃል ከፈረሰ ማሽኖቹ በሙሉ ለጭምት ይሆናሉ።"

በውሉ ላይ ትክክለኛ ስሙ ይገባል። ለደብተሩ ጭምት ይበቃል።

አንዴ ሰማሁት፤ ድገሚው አላልኩም። አለቃዋም ከሥሩ በቀይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች አለችኝ ልጅቱ፦ "ይሁን።"

ቅዳሜ 22

አዲሱ አንቀጽ ለባለሱቁ ተልኮለት ነበር፤ መልሱን በሰው አልላከም። ራሱ ይዞት መጣ፤ በዚህ አልነቅፈውም። ሥራ ቤቱ መሀል ቆሞ በክንዱ ዙሪያውን አሳየኝ።

"ጋሼ፣ እውነቱን እንነጋገር። አዲስ ማሽን ሳስገባ ቦታው ይጠባል። አንድ የእጅ ሥራ ጠረጴዛ እችላለሁ፤ ሁለት አልችልም። ወይ እርስዎ እንደተስማማነው ይቀመጡበት፣ ወይ እሱ ይሥራበት። የፈለጉትን ያጽፉ፤ ያኔ እፈርማለሁ። አሁን የምለውን ደግሞ ልጅቷ ትጻፈው፤ ሰው ብዙ ይላል እንዳይሉኝ።"

ልጅቱ እንባና ሳቅ መሀል ሆና ጻፈችው።

ጭምት ከወዲያ ጥግ ሆኖ በር ይልግ ነበር። የመላጊያው ድምፅ አልተቋረጠም። ሰምቷል። ሰማ እንጂ።

እሑድ 23

ጠዋት ልጅቱ እንዲህ አለችኝ፦ "አባባ፣ ጠረጴዛው ያንተ ነው። የጠየቅኸው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ለጭምት ሌላ ቦታ ሥራ እንፈልግለታለን። ጣቱንም ቢሆን ያጣው በራሱ ጥንቃቄ ማነስ ነው ብለሃል።"

አዎ፣ ብያለሁ። ከላይ ተጽፏል። እንዳትሰርዢው፤ ይህን ከሥሩ ጻፊ።

የትምህርት ቤት ወንበር ታዘን ነበር፤ ብዙ ወንበር፣ በጥቂት ቀን። ክቡ መጋዝ ላይ ጥርሱን የሚሸፍን ክዳን አለ። ክዳኑ እንጨቱን ያዝ ያደርገዋል፤ ሥራውን ያዘገያል። እኔ በገዛ እጄ ፈትቼ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ጭምት "ጋሼ፣ ክዳኑስ?" አለኝ። ያኔ ይናገር ነበር። "አንተ ቶሎ ቶሎ በል" አልኩት።

ከምሳ በኋላ ነው የሆነው። እጁን በሸሚዜ ጠቀለልኩለት። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ሲሮጥ ኮቴው ይሰማኛል። ሰው በር ላይ ከመድረሱ በፊት…

ቆይ።

ጻፊ። ሰው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ክዳኑን ከምስማሩ አውርጄ ቦታው ላይ መልሼ ገጠምኩት። ጭምት መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ሳደርገው ያየኛል። ሰዎቹ ገቡ። "ምን ሆነ?" አሉ። "ሳይጠነቀቅ ነው" አልኩ። እሱ አንድ ቃል አልተናገረም። በዚያኑ ሳምንት ነው እዚህ ቤት ማንም አያስወጣህም ያልኩት። ሰው ሁሉ ደግ ጌታ አለው አለ። እኔም እየቆየሁ አመንኩት።

እጄ ሲንቀጠቀጥ የሚታየኝ ያ ክዳን ነው። በሁለት ብሎን ነው የሚታሰረው። ያን ቀን አልተንቀጠቀጠም።

አንቺ አታልቅሺ፤ ወረቀቱ ይበላሻል።

ማክሰኞ 25

ተፈራረምን። ልጅቱ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ልዩ ልዩውንም ጭምር። አንቀጽ አምስት ላይ ስለኔ የሚል ነገር የለም፤ ጠረጴዛው የሚለው ቃል ወደ ጭምት አንቀጽ ዞሯል። ጣቴን አስነክሬ ተጫንኩ። አለቃዋ ልጅቱን "ሰኞ አዲስ ሥራ አለሽ፤ አትዘግዪ" አለቻት። ይህ ማለት ትቆያለች ማለት ነው። እንደዚህች ያለች ሴትም ማን፣ መቼ ብላ ሳትናገር የምታልፈው ነገር አላት።

ከዚያ ሥራ ቤት ሄጄ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አንድ መሮ፣ አንድ ሜትር፣ መነጽሬ። ለጭምት ስለ አንቀጹ ነገርኩት። "እርስዎስ የት ይቀመጣሉ?" አለኝ። "ቤቴ ወንበር የለም እንዴ?" አልኩት። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ብዙ አልቆየሁም።

አመሻሽ ላይ መሮውን ይዞ መጣ፤ ረስቼው ሄጄ ኖሯል። አሁን ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ግባ ብለው እግሬ አቧራ ነው አለ። ላናግረው ሁለት ጊዜ ወጣሁ። አንዴ ስለ ዝናብ አወራሁት፤ አንዴ ስለ ሙጫ። በዚህ ዕድሜዬ አፌ እንዲህ ያደርገኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ስለዚህ ተነሺና ጥሪው። እዚህ፣ ከፊት ለፊቴ ይቀመጥ። ከዚያ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ አንብቢልን፤ ለኔም ለሱም። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ የግራ ጆሮው ደከም ብሏል። በራሱ ጥንቃቄ ማነስ ያልኩበት ጋ ስትደርሺም አንብቢው፤ ስለ ክዳኑ ያልኩበት እሑድ ጋ ስትደርሺ ደግሞ አትፍጠኚ። የምትዘልዪው መስመር እንዳይኖር። አንብቢ።